ያመነህን አታለልክ

የድሬዳዋ ሳቢያን ሰው ሆይ፣ ይህ ቃል ለአንተ ነው። ለሌባ አልጽፍም፤ ሌባ ሥራውን ስለሚያውቅ በሌሊት ይወጣል፣ ሲያዝም ፊቱን ይሸፍናል። የምጽፈው ለሸዋጅ ነው። ሸዋጅ በጠራራ ፀሐይ ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ሥራውን ይተርካል። ምርቃናው ከፍ ሲል ድምፁም ከፍ ይላል። “አቦ፣ እንዴት አድርጌ እንደሸወድኩት ብታዩ!” ይላል፤ በርጫው በሳቅ ይሞላል። ከሳቂዎቹ አንዱ እንኳ “ሰውዬው ማን ነበር? ልጆቹስ ዛሬ ምን በሉ?” ብሎ አይጠይቅም። ለንስሐ የምጠራው ሁለታችሁንም ነው፤ ተራኪውንም ሳቂውንም።

ስትወቀስ ምን እንደምትመልስ አውቃለሁ። “ዓለም የብልጦች ናት፤ አባቶቻችንስ ጣልያንን በብልሃት አይደል እንዴ ያሸነፉት?” ትላለህ። የባሻ አውአሎምን ስም ትጠራለህ። ስሙን በአፍህ ካነሣህ ታሪኩን አስተካክለህ ስማው።

በየካቲት 1888 ዓ.ም. ጄኔራል ባራቲዬሪ ወደ 17 ሺህ የሚጠጋ ሠራዊት ይዞ ከዐድዋ በስተምሥራቅ ሰፍሮ ነበር። ስንቁ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ልመለስ ወይስ ልዋጋ እያለ ሲያመነታ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ከሮማ በቴሌግራም ያንኳስሰዋል። የእንትጮው ሰው አውአሎም ሐረጎት የገባው በዚህ መሐል ነው። ጣልያኖች የእኛ ሰላይ ነው ብለው ያምኑታል። እርሱም የምኒልክ ጦር እንደተራበ፣ ወታደሩ ስንቅ ፍለጋ እንደተበተነ፣ መኳንንቱም ለጸሎት ወደ አክሱም እንደሄዱ ነገራቸው። ባራቲዬሪ የካቲት 22 ሌሊት ተነሣ። ሲነጋ ተበትኗል የተባለው ጦር ቆሞ ጠበቀው።

አዎን፣ ማታለል ነው። ግን አውአሎም ያታለለው ማንን ነው? ባሕር ተሻግሮ፣ መድፍ ጎትቶ፣ አገሩን ሊነጥቅ የመጣውን ነው፤ ይባስ ብሎም ወገንህን ሽጥልኝ ብሎ የቀጠረውን። ምን አስይዞ አታለለ? አንገቱን። ነገሩ ቢነቃበት የሚሰቀለው እርሱ ራሱ ነበር። (ባራቲዬሪን የጣለው የአውአሎም ቃል ብቻ እንዳይመስልህ፤ በእጁ የነበረው ካርታ የተሳሳተ ነበር፣ አለቃው ድል አምጣ እያለ ይወተውተው ነበር፣ እርሱም መስማት የፈለገውን ሰማ።) አንተስ የምትሸውደው ምን አስይዘህ ነው? የባልቴቷን የቤት ካርታ፣ የቀን ሠራተኛውን የዕቁብ ገንዘብ። ነገርህ ሲበላሽ የሚፈርሰው የሌላ ሰው ኑሮ ነው፤ አንተማ ስልክህን ቀይረህ ሰፈር ትለውጣለህ። ስለዚህ የአውአሎምን ስም ከአፍህ አውርድ።

ደግሞስ ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ መቀሌ ላይ የሆነውን ለምን አትጠራም? በጥር 1888 ሻለቃ ጋሊያኖ ከሺህ ከሚበልጥ ሰው ጋር እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ተከቦ ነበር። የውሃው ምንጭ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ፤ ምክሩ የእቴጌ ጣይቱ እንደነበር ይነገራል። የምሽጉ ሰው በውሃ ጥም ሲዝል ምኒልክ “መሣሪያችሁን ይዛችሁ በሰላም ውጡ” የሚል ቃል ሰጡ። እነዚያን ጠላቶች አጅበው ወደ ወገናቸው ያደረሱት የሐረሩ ገዥ ራስ መኮንን ናቸው፤ አንተ በየዓመቱ የምትወጣበትን የቁልቢ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ራስ መኮንን። መንገዱ ረጅም ነበር፣ ወንድሙ የሞተበት የተቆጣ ወታደር ብዙ ነበር፤ ቃሉ ግን ተጠበቀ። ብልሃትም አልቀረም፤ ጋሊያኖ በአጀብ ሲሸኝ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት አብሮ ተንቀሳቅሶ አቅጣጫውን ወደ ዐድዋ አዞረ፣ ጣልያኖችም የገዛ ሰዎቻቸው በመካከል ስላሉ እጃቸው ታሰረ። ልብ በል፤ ብልሃቱ ቃሉን አልነካም። ጋሊያኖም ከወገኑ ተቀላቅሎ፣ ጠመንጃውን መልሶ አንሥቶ፣ ዐድዋ ላይ ሲዋጋ ሞተ። ቃልን መጠበቅ እንዲህ ያስከፍላል፤ እነርሱም ዋጋውን ከፈሉ።

ጠላትን ባላሰበው በኩል መምጣት አንድ ነገር ነው። “ና፣ በእኔ ይሁንብህ” ብሎ ጠርቶ ማረድ ሌላ ነው። ሁለተኛውን ለማየት ፍቼ ሂድ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋወሰን ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው እጃቸውን ለጣልያን ሰጡ፤ ተገደሉም። እጃችሁን ስጡ ብለው ካግባቧቸው መካከል የገዛ አገራቸው ሰው ራስ ኃይሉ ነበሩ። ፋሺስቱ ፋሺስት ነው፤ ከእርሱ ሌላ ምን ይጠበቃል? እኔን የሚያስጨንቀኝ መካከል ላይ የቆመው ሰው ነው። የሚታመን ፊት ያለው፣ ቋንቋውን የሚናገረው፣ “ልጆቼ፣ ምንም አትሆኑም” የሚለው። ያ ሰው ሳቢያን ውስጥ የለም ትለኛለህ?

የዚህ ከተማ ሽማግሌ ነሐሴ 1969ን አይረሳም። የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሊይዝ ደጇ ድረስ ታንክ ይዞ ሲመጣ፣ የሞቃዲሾ መንግሥት ለዓለም “መደበኛ ጦር አልላክሁም፣ የሚዋጉት ሸማቂዎች ናቸው” ይል ነበር። ታንክና ሚግ የታጠቀ ሸማቂ! እስከ የካቲት 1970 ድረስ በዚሁ ቃል ጸና። በዚያ ውሸት መጀመሪያ የተበደለው የራሱ ወታደር ነው፤ አገሩ “እዚያ የለም” ያለችው ሰው ሲሞት እናቱ ማንን ትጠይቅ? በዚሁ የካቲት ወር መጨረሻ ደግሞ ጅግጅጋ አጠገብ ባለው በካራማራ ተራራ ላይ ሌላ ነገር ሆነ። ጠላት በተራራው በር ፊት ለፊት ይመጣሉ ብሎ ሲጠብቅ የኢትዮጵያና የኩባ ጦር ተራራውን በሰሜን ዞሮ፣ ከፊሉም በሄሊኮፕተር ከጀርባው ወርዶ፣ የካቲት 26 ጅግጅጋን አስመለሰ። ይህ የጦር ብልሃት ነው፤ በበሩ እመጣለሁ ብሎ ቃል የገባለት ሰው የለም። ሁለቱም በአንድ ጦርነት፣ በአንድ ወር ውስጥ ናቸውና መለየት አቃተኝ አትበል።

ከጦር ሜዳ ወደ ጽሕፈት ቤት እንግባ። የውጫሌን አንቀጽ 17 ሕፃን ሁሉ ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ። የራሳችንን ከተማ ነገር ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ምኒልክ የባቡሩን ሥራ በ1886 ለአልፍሬድ ኢልግ ሲፈቅዱ የንግድ ኩባንያ ሥራ ብለው ነው። በ1894 ግን ኩባንያው ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ከንጉሠ ነገሥቱ ጀርባ ውል ገባ፤ በዚያ ውል የባቡሩ ጉዳይ የአንድ ባዕድ መንግሥት ጉዳይ ሆነ። ሐዲዱ በ1895 እዚህ ሲደርስና ድሬዳዋ ስትወለድ ምኒልክ ተቆጥተው ለምርቃቱ ሊወርዱ እምቢ አሉ። ገንዘብም ጠፍቶ ነበር፣ ግን አንዱ ምክንያት ያ የተደበቀ ውል ነው፤ ከተማችን ለዓመታት የሐዲድ መጨረሻ ሆና ቀረች። አየህ፣ ከአንድ ሰው ጋር ተፈራርመህ ከጀርባው ለሌላ መሸጥ ዛሬ አንተ የጀመርከው አይደለም። አንድ ቦታ ለሁለት ገዢ ስትሸጥ አዲስ ጥበብ ያመጣህ መስሎህ ከሆነ፣ የፈረንሣዮቹ ዘዴ ነው፤ እነርሱም አላተረፉበትም።

አሁን ወደሚያመው ደረስኩ። የምኒልክ ወራሽ ልጅ ኢያሱ ሐረርንና ድሬዳዋን ይወዱ ነበር፤ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ አሳልፈዋል። ከደጃዝማች ተፈሪ ጋር በአቡነ ማቴዎስ ፊት የተማማሉት መሐላ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ሹመት ላይነካ፣ ሌላው የአንዱን ዙፋን ላይመኝ። በ1908 ኢያሱ ተፈሪን አዲስ አበባ ጠርተው እዚያው አስቀሯቸውና ራሳቸው ሐረር ወርደው አገሩን ወሰዱባቸው። መሐላው ፈረሰ። ወር ሁለት ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል በዓል፣ ኢያሱ ሐረር እያሉ አዲስ አበባ ላይ መኳንንቱ ተሰበሰቡ። ሃይማኖቱን ክዷል ተባለ፣ ሕዝቡም ከታማኝነት መሐላው ተፈታ። በዚያ ሰሞን ኢያሱን በእስላም ልብስ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች በእጅ በእጅ ይዞሩ ነበር፤ ተቀጣጥለው የተሠሩ ነበሩ ብለው የጻፉ የታሪክ ሰዎች ብዙ ናቸው። ኢያሱ ጥፋት አልነበረባቸውም አልልም፤ ነበረባቸው። ነገር ግን ሰውን ባጠፋው ነገር መክሰስ ሲቻል ባልሆነው ምስል መክሰስ ለምን አስፈለገ? ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ የኢያሱ አባት የንጉሥ ሚካኤል ጦርና የሸዋ ጦር ሲገጥሙ በሺህ የሚቆጠር ሰው ወደቀ። ሁሉም የአንድ አገር ልጅ ነበር።

በአንዱ ወገን ብቻ አልፈርድም። አንዱ በመሐላ አታለለ፣ ሌላው በመስቀል ቀን መሐላ ፈታ፣ በመካከል ደግሞ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ምስል ሥራውን ሠራ። ተንኰል ተንኰልን ወለደ፤ ሰገሌ ላይ የተቀበረው ግን ከተንኰሉ አንዱንም አላሰበም።

ያ ፎቶግራፍ ዛሬ በኪስህ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ሬሳ፣ ከአምስት ዓመት በፊት የተቃጠለ ቤት፣ “አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ ድሬ ውስጥ” የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ይደርስሃል። እውነት መሆኑን ሳታጣራ ለሃምሳ ሰው ትልከዋለህ። ባለፉት ዓመታት በዚህች ከተማ የሰፈር ልጅ በሰፈር ልጅ ላይ ድንጋይ ሲያነሣ አይተናል፤ አብረው ኳስ የተጫወቱ፣ አንዱ የሌላውን የኢድ ምግብ የበላ፣ ሌላው የአንዱን የጥምቀት ዳቦ የቆረሰ ልጆች። ከቤትህ ሳትወጣ፣ ኮካህን እየጠጣህ፣ በአንድ ጣት ያን ሁሉ አስነሣህ። “እኔ አልፈጠርኩትም፣ የደረሰኝን ነው ያስተላለፍኩት” አትበለኝ። በ1909ም ፎቶውን ያዞሩት ሁሉ ያሉት ይህንኑ ነው።

ከዚህ የሚከፋም አለ፤ እውነቱን ይዞ የሚያታልል። የወሎን ረሃብ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ደበቀ፤ ሰው በመንገድ ዳር እየወደቀ “ችግር የለም” ተባለ። ይህ አንደኛው ኃጢአት ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የተደበቀውን ቀርጾ በ1966 መጀመሪያ ለዓለም አሳየ። ከዚያ ደርግ ያንኑ ፊልም አንሥቶ፣ የተራቡትን ሕፃናት ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር፣ ከውሾቹ ቅልብ ጋር እያፈራረቀ አስቀጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 በቴሌቪዥን አሳየው። በማግሥቱ ንጉሡን አወረደ። እያንዳንዱ ምስል ለብቻው ሲታይ እውነት ነበር። ረሃቡ እውነት ነው፣ ድግሱም እውነት ነው። የተቀጠለው ግን ለተራበው ዳቦ ለማድረስ አልነበረም፤ የሕዝቡን ልብ ለሚቀጥለው ነገር ለማዘጋጀት ነበር። የሚቀጥለውም ሁለት ወር ያህል ቆይቶ መጣ፤ ኅዳር 14፣ ያለ ፍርድ ስልሳ ያህል ሰው በአንድ ሌሊት ተረሸነ። ስለዚህ “የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው” ብለህ ንጹሕ ነኝ አትበለኝ። ምኑን ከምን ጋር ቀጠልከው? ለምን?

“ታዲያ ተረቱስ? ልብ ወለዱስ? እነርሱም ውሸት አይደሉም?” የሚል አዋቂ አይጠፋም። አይደሉም፤ እንዲያውም ምስክር ይሆኑብሃል። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ያሳተሙት ጦቢያ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ልጅቱ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የጠፋ ወንድሟን ስትፈልግ፣ አንዲት ወጣት ወንድ መስላት ታፈቅራታለች። አንባቢው ምሥጢሩን ከደራሲው ጋር ይዞ ይስቃል፣ ይጨነቃል፤ መጽሐፉን ሲዘጋ ከኪሱ የጎደለ ነገር የለም። ማሞ ውድነህም የስለላ ታሪኮችን እየተረጎሙ አንድ ትውልድ ሲያስነብቡ ማንንም አልሰለሉም። አለቃ ገብረ ሐና ሰው በነገር ጠልፈው ሲጥሉ የሚወድቀው ስስታሙና ባለሥልጣኑ ነው፤ ድሃን አታለሉ የሚል ቀልድ ሰምቼ አላውቅም። ተረት ነጋሪ እያታለለህ መሆኑን አስቀድሞ ይነግርሃል፣ “ተረት ተረት” ይልሃል፣ አንተም ፈቅደህ “የላም በረት” ትላለህ። አንተስ የሸወድከው ሰው የላም በረት ብሎልሃል?

ስለ አፈወርቅ ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ለአማርኛ ልብ ወለድ በር የከፈቱት ሰው፣ ስለ ተማረከ የጦር አለቃና ወንድሟን ፍለጋ ስለ ተንከራተተች ልጅ የጻፉት ሰው፣ ጣልያን አገራቸውን ሲይዝ ለጣልያን አድረው ሹመት ተቀበሉ። ብዕር ሰውን አያድንም። ይህን የምጽፈው እኔም አላመልጥም።

አሁን ወደ ገበያ እንውረድ። በ2000 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው ወርቅ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ ተመለሰ። ሲመረመር ደግሞ ሌላም ሐሰተኛ ወርቅ ተገኘ፤ ከዚያ ውስጥ ወደ ጅቡቲ ሊወጣ ሲል ከኮንትሮባንዲስት ተይዞ ለዓመታት በባንኩ ግምጃ ቤት እንደ ሀብት የተቀመጠ እንደነበር ተዘግቧል። አገሪቱ ብረት ቆልፋ ስትጠብቅ ኖረች ማለት ነው። ሰዎች ታሰሩ፣ ጋዜጦች ጻፉ፣ ሁላችንም “ምን ዓይነት ዘመን መጣ!” አልን።

አንቺ ግን፣ ቅቤ ውስጥ የሚረጋ ዘይት የምታቀልጪው፣ በርበሬው ላይ የሸክላ ዱቄት የምትነሰንሺው፣ ለእንጀራው ሰጋቱራ የምታስፈጪው፣ ስለ ባንኩ ወርቅ ስትሰሚ ምን አልሽ? ወርቁን የሚበላው የለም። ያንቺን ግን ሕፃን ይበላዋል፣ አራስ ትበላዋለች። የእስልምና ትውፊት የሚነግረንን ሙስሊሙ ጎረቤትሽ ያውቀዋል፤ ነቢዩ በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ አስገቡ፣ ከላይ ደረቅ ሆኖ ከሥር ርጥብ ሆኖ አገኙት፣ ሻጩንም ከእኛ አይደለህም በሚያሰኝ ቃል ገሠጹት። ሻጩ በሬ አልሰረቀም፣ ሰው አልገደለም፤ እርጥቡን ከሥር አደረገ፣ ይኸው ነው። ከእኛ አይደለህም ለመባል ይህ በቂ ሆነ። ክርስቲያኑም “የእኛ ሕግ ይቀላል” ብሎ እንዳይጽናና፤ ሐናንያና ሰጲራ የሞቱት ሰርቀው አይደለም፣ የራሳቸውን ሽያጭ ዋጋ ቀንሰው ስለተናገሩ ነው።

የመጨረሻውንና የከፋውን አሁን እጠራለሁ። ደላላው፣ ተነሥና ቁም።

አንተ ሳቢያን ውስጥ ትኖራለህ። ልጆች አሉህ። ጎረቤት ሲያዝን ድንኳን ትተክላለህ፣ ወንበር ትሸከማለህ። ከገጠር የመጣውን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ መናኸሪያ ላይ ታገኘዋለህ፤ ወይም እናቱ ራሷ፣ ዘመድ አገናኝቷት፣ ቤትህ ድረስ ይዛው ትመጣለች። ቡና ታፈላላታለህ። “እትዬ፣ አይጨነቁ፣ በወንድሜ ቦታ ነው የማየው” ትላለህ። ሳዑዲ ሥራ አለ፣ ደመወዙ በሪያል ነው፣ መንገዱ ሁሉ በመኪና ነው፣ ባሕሩ ትንሽ ነው ትላለህ። እርሷ በሬዋን ሸጣለች፣ ወይም ከአበዳሪ ወስዳለች። ትቆጥርልሃለች።

መንገዱን አንተ ታውቀዋለህ። ከደወሌ ወዲያ ምን እንዳለ ታውቃለህ። ከጅቡቲ ወደ ኦቦክ በዚያ ሐሩር በእግር እንደሚሄዱ፣ በመንገድ ላይ በጥም የወደቁት በድንጋይ ክምር ሥር እንደቀሩ ታውቃለህ። ጀልባው ከሚችለው በላይ እንደሚጫን፣ ጠባቂ ሲታይ ሰው ወደ ባሕር እንደሚገፋ ሰምተሃል። የመን ላይ የሚረከቡት ሰዎች ልጁን አስረው፣ እየደበደቡ፣ ጩኸቱን በስልክ ለእናቱ እያሰሙ ሌላ ገንዘብ እንደሚጠይቁ ታውቃለህ፤ የሚደውሉበትን ቁጥር ከየት አገኙት? ይህን ሁሉ እያወቅህ ቡና አፈላህላት። ባራቲዬሪ መድፍ ነበረው። ይህች ሴት ነጠላዋን ብቻ ይዛ መጣች።

“አልገደልኩትም፣ መንገድ አሳየሁ” ትላለህ። የራስ ካሣን ልጆች ያግባባውም ሰው አልተኮሰም። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሕገ ወጥ ሰው አሸጋጋሪን በከባድ ይቀጣል፤ እኔ ግን ዛሬ ፖሊስ አልጠራብህም፣ ፖሊስ የሚያስረው አካልህን ነው። እኔ የምጠራህ ሌላ ፍርድ ሳይቀድምህ አንተው እንድትቀድመው ነው። ያ ልጅ ስምህን ያውቃል። በጥም ሲወድቅ የጠራው የማንን ስም ይመስልሃል?

ንስሐ ገብቻለሁ የምትለኝም አለህ። ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ጥላና ጧፍ ገዝተህ፣ ኮንትራት መኪና ይዘህ ቁልቢ ትወጣለህ፣ ስለትህን ታስገባለህ፣ አልቅሰህ ትመለሳለህ። ሌላው ለመስጊድ ሲሚንቶ ይገዛል፣ በረመዳን ሶደቃ ያከፋፍላል። ከየት በመጣ ገንዘብ? ገብርኤል ከዝርፊያህ ድርሻ የሚቀበል ሸሪክህ አይደለም። የድሃ ገንዘብ በልተህ ለአምላክ አሥራት ብትሰጥ፣ ያበላሸኸውን እርሱ እንዲሸፍንልህ ጉቦ መስጠትህ ነው፤ ይህ ከመጀመሪያው ማታለል ይብሳል፣ አሁን የምትሸውደው እርሱን ነውና።

ያዕቆብን ተመልከት። በፍየል ጠጕር እጁን ሸፍኖ ዐይኑ የፈዘዘ አባቱን አታለለ፣ የወንድሙን በረከት ወሰደ። ዘመን ካለፈ በኋላ የገዛ ልጆቹ የዮሴፍን ልብስ በፍየል ደም ነክረው አመጡለት፤ በዚያው እንስሳ ተታለለ፣ ዓመታትም አለቀሰ። በመካከል ግን የሆነ ነገር አለ፣ ሰባኪዎቻችን ቶሎ ያልፉታል። ወደ ዔሳው ሲመለስ ባዶ እጁን አልሄደም። ከሁለት መቶ በላይ ፍየል ቀድሞ ላከ፣ ከዚያ በጎቹን፣ ግመሎቹን፣ ላሞቹን፣ አህዮቹን፤ ከአምስት መቶ በላይ እንስሳ። ከዚያ ራሱ በፊት ለፊት ሄዶ ሰባት ጊዜ ሰገደለት። ፈርቶ ነው የምትል ከሆነ፣ አዎን ፈርቶ ነው፤ አንተም ፍራና ሂድ። ቀራጩ ዘኬዎስ ደግሞ የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ከዛፉ በወረደበት በዚያው ቀን ነው፤ ለጾም ፍቺ አልቀጠረውም።

እንግዲህ ሥራችሁን ጀምሩ። አንቺ፣ የተቀላቀለውን ቅቤ ዛሬ ከመደርደሪያ አውርጂና ድፊው፤ ለሌላ ነጋዴ በርካሽ አሳልፈሽ እንዳትሸጪው፣ ያኔ ኃጢአቱን በጅምላ ሸጥሽው ማለት ነው። ያን ምስል ለሃምሳ ሰው የላክህ፣ ለሃምሳውም “ሐሰት ነበር፣ እኔ ነኝ የላክሁት” ብለህ በስምህ ጻፍላቸው፤ ሲሰድቡህ ታገሥ። አንድ ቦታ ለሁለት ሰው የሸጥከው፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን ጥራ፣ ሽማግሌ አስቀምጥ፣ በፊታቸው ተናገር። በርጫ ላይ የሳቅኸው አንተ ደግሞ፣ ከሰዓት ያው ወዳጅህ “እንዴት እንደሸወድኩት” ብሎ ሲጀምር አቋርጠውና “ሰውዬው የት ነው የሚኖረው?” ብለህ ጠይቀው። ካልነገረህ ተነሥተህ ውጣ፤ ጫቱ ይቅርብህ።

ደላላው፣ አንተ ከእነዚህ ሁሉ ቀድመህ ሂድ። የንስሐ አባትህ ዘንድ መጀመሪያ አትሂድ፤ ሼኩም ይቆዩህ። እናትየዋ ጋ ሂድ፣ ገጠር ከሆነች በአውቶቡስ፣ መንገድ ካልገባ በእግርህ። የተቀበልከውን ብር ሙሉውን ይዘህ ሂድ፣ ከአበዳሪ የወሰደችው ከሆነ ከነወለዱ። ጎረቤቶቿ በተሰበሰቡበት ቁጠርላት። ቡና ብታፈላልህ አትጠጣ። ከዚያ ልጇን መጨረሻ ያየኸው የት እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን፣ ለማን አሳልፈህ እንደሰጠኸው፣ የዚያን ሰው ስምና የሚደውልበትን ቁጥር አንድም ሳትደብቅ ንገራት፤ መጻፍ ካልቻለች አንተው ጻፍላት።